ማይክል ቮስ፦ ሦስት ዋንጫ ያነሳው አምበል አሰልጣኝነቱ ለምን ከበደው?

ሴፕቴምበር 27 ቀን 2025 ሜልበርን ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ተመልካች በተገኘበት የአውስትራሊያ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ ብሪዝበን ላየንስ ጂሎንግን በ47 ነጥብ ልዩነት ረታ። ዋንጫውን ሲወስድ በተከታታይ ሁለተኛው ነው። በ2024 ሲድኒን በ60 ነጥብ አሸንፎ ነበር። አሰልጣኙ ክሪስ ፌጋን ይባላል። በተጫዋችነት ዘመኑ በትልቁ ሊግ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም።

በዚያው ዓመት ካርልተን የሚባለው ክለብ 11ኛ ሆኖ ጨረሰ። አሰልጣኙ ማይክል ቮስ ነበር። ቮስ ማለት ብሪዝበን በ2001፣ በ2002 እና በ2003 ሦስት ዋንጫ ሲደራርብ አምበሉ የነበረ ሰው ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ቶሎ የሚደርስበት ድምዳሜ አለ፦ ጎበዝ ተጫዋች ጎበዝ አሰልጣኝ አይሆንም። ይህ ወሬ ለአማርኛ አንባቢም አዲስ አይደለም። ላምፓርድና ሩኒ አሰልጣኝ ሲሆኑ፣ በሌላ በኩል ሞሪንሆ በተጫዋችነት ስሙ ሳይታወቅ ዋንጫ ሲሰበስብ ያየ ሁሉ ይህንኑ ሲል ከርሟል። ግን አባባሉ ለጆሮ የሚጥመውን ያህል እውነት አይደለም። የቮስ ታሪክ ጠጋ ብለው ሲያዩት ሌላ ነገር ይናገራል። ሰውየው ሁለት ጊዜ ዋና አሰልጣኝ ሆኗል። አንዴ ምንም ሳይማር፣ አንዴ ደግሞ ሰባት ዓመት ተምሮ። ስለዚህ ማነጻጸሪያው እዚያው እሱው ላይ አለ።

ጨዋታውን ለማያውቅ

የአውስትራሊያ ፉትቦል እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር የሚጋራው ስሙን ነው። አገሬው «ፉቲ» ይለዋል። ሜዳው ሞላላ ነው፣ ኳሷም ሞላላ። በአንድ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል። ኳሷን በእጅ መያዝ ይቻላል፣ መወርወር ግን ክልክል ነው። በእጅ ማቀበል የፈለገ በአንድ እጁ ይይዝና በሌላው ጡጫ ይመታታል። በሜዳው ጫፍና ጫፍ አራት አራት ቋሚ አለ። በመሀለኞቹ ሁለቱ መካከል በእግር ያገባ 6 ነጥብ ያገኛል፣ በጎን በኩል ያለፈችበት ደግሞ 1 ነጥብ። ለመሳት እንኳን ነጥብ የሚሰጥ ስፖርት ነው።

ትልቁ ሊግ ኤኤፍኤል ይባላል፤ 18 ክለብ አለው። ወደ ታችኛው ሊግ መውረድ የለም። በዚህ ፋንታ ሊጉ ክለቦቹን ለማመጣጠን ሁለት መሣሪያ ይጠቀማል። አንደኛው የደመወዝ ጣሪያ ነው፦ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ መክፈል አይችልም። ሁለተኛው ድራፍት ነው። ወጣት ተጫዋቾች በየዓመቱ በተራ ይመረጣሉ፣ መጨረሻ የወጣው ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል። ገንዘብ ያለው ክለብ ኮከቦችን እንዳሻው ማፈስ አይችልም ማለት ነው። በዚህ ሊግ ቡድን ይገነባል እንጂ አይገዛም፤ ግንባታው ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ይህን ነጥብ ያዙት፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ተጫዋቹ

ቮስ በ1975 ትራራልገን በምትባል የቪክቶሪያ ከተማ ተወለደ። ያደገው ኩዊንስላንድ ነው። ኩዊንስላንድ ደግሞ የፉቲ አገር አይደለም፤ እዚያ ነገሥታቱ ራግቢዎቹ ናቸው። በ1992፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ብሪዝበን ቤርስ በሚባለው ደካማ ክለብ መጫወት ጀመረ። በ1996 ብራውንሎው ሜዳልያን ከኤሰንደኑ ጄምስ ሄርድ ጋር እኩል ድምፅ አግኝቶ ተካፈለ። ይህ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የዳኞች ነው። ከየጨዋታው በኋላ ዳኞቹ ለሦስት ተጫዋቾች 3፣ 2፣ 1 ብለው ድምፅ ይሰጣሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይደመራል። ቮስ ያኔ 21 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ቤርስ ከጥንታዊው የሜልበርን ክለብ ከፊትዝሮይ ጋር ተዋሐደ፤ ብሪዝበን ላየንስ የተወለደው እንዲህ ነው። በ1998 ቮስ ፐርዝ ላይ ከፍሪማንትል ጋር ሲጫወት እግሩ ተሰበረ። ብዙዎች አለቀለት አሉ። ክለቡም በዚያ ዓመት የሊጉ መጨረሻ ሆነ። ቀጥሎ ሊ ማቲውስ አሰልጣኝ ሆኖ መጣ፣ ቮስም ወደ ሜዳ ተመለሰ። በሦስተኛው ዓመት ዋንጫ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ።

በ2004 አራተኛውን ሊወስዱ ፍጻሜ ደረሱ። ያስቆማቸው ፖርት አዴሌድ ነው፣ በ40 ነጥብ። የፖርት አዴሌድን ስም አትርሱት።

ቮስ ጫማውን የሰቀለው በ2006 ሲሆን 289 ጨዋታ ተጫውቷል። የሚታወሰው በውበቱ ሳይሆን በድፍረቱ ነው። ሌላው ሰው የሚያመነታባት ኳስ ላይ ቀድሞ የሚገባ፣ ወድቆ የሚነሳ። የአምበልነቱ ምሥጢር ንግግር አልነበረም፦ እሱ ከገባ ሌላው ይከተላል። ይህ ለአምበል ትልቅ ሀብት ነው። አሰልጣኝ ሲኮን ግን እንዲህ ያለው ሀብት አብሮ አይሻገርም፤ ከላይ በመስታወት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ኳስ ላይ ቀድሞ መግባት አይችልማ።

ሰርገኛ መጣ

ተጫዋችነቱን ካቆመ በኋላ ቮስ ቴሌቪዥን ላይ ተንታኝ ሆነ። በ2008 ዌስት ኮስት ኢግልስ የሚባለው የፐርዝ ክለብ በረዳት አሰልጣኝነት ሊቀጥረው ተስማማ። ጥሩ መንገድ ነበር። ከቤቱ ርቆ፣ ሥሙ ባልከበደበት ከተማ፣ ሙያውን ከሥር ሊጀምር።

አልጀመረም። ሊ ማቲውስ ባልታሰበ ጊዜ ከብሪዝበን ለቀቀ። ክለቡም የቤቱን ልጅ ጠራ። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይሉት ይህ ነው። ቮስ አንድም ቀን ረዳት አሰልጣኝ ሳይሆን በ33 ዓመቱ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ከጥቂት ዓመት በፊት አብረውት የተሰለፉ ሰዎች አሁን የሚያሰልጥናቸው ተጫዋቾች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ሲያረጅ የሚያሰናብተውም እሱ ነው።

ያ ዘመን እንዲህ ዓይነት ሹመት ፋሽን የነበረበት ነው። ኤሰንደን በ2010 ጄምስ ሄርድን በተመሳሳይ መንገድ ሾመ። ከቮስ ጋር ብራውንሎው የተካፈለውን ያንኑ ሄርድ። ኮሊንግዉድ ደግሞ በ2009 ለሌላው ታላቅ አምበሉ ለናታን በክሊ ወንበሩን ቀድሞ አስያዘለት፣ በክሊ ሁለት ዓመት በረዳትነት ቆይቶ በ2012 ተረከበ። የአንድ ዘመን ሦስት ታላላቅ አምበሎች በአራት ዓመት ውስጥ የየቤታቸው አሰልጣኝ ሆኑ። ሦስቱም በአሰልጣኝነት ዋንጫ አላነሱም። በክሊ በጣም ቀርቦ ነበር፣ በ2018 ፍጻሜውን በ5 ነጥብ ተሸነፈ። የሄርድ መጨረሻ ከሁሉም የከፋ ሆነ። ክለቡ ለተጫዋቾች የሰጠው የመርፌና የማሟያ ፕሮግራም ቅሌት አስከትሎ ሄርድ በ2013 ለ12 ወር ታገደ፣ በ2015 ለቀቀ። በ2016 ደግሞ 34 የክለቡ የያኔ ተጫዋቾች በስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ታገዱ።

ክለቦቹ ለምን እንዲህ አደረጉ? ምክንያቱ የስሜት ብቻ አይደለም። የክለብ ቦርድ አባላት ክፍያ የፈጸሙ የክለብ አባላትን ይፈራሉ። በዚህ አገር የክለብ አባልነት ትልቅ ነገር ነው፣ ካርዱን በየዓመቱ የሚገዛው ሕዝብ ገቢም ድምፅም ነው። ታላቅ አምበልን ስትሾም ማንም አይቃወምህም። አባልነት ይሸጣል፣ ጋዜጣው ይደሰታል፣ ቦርዱ ሁለት ዓመት እፎይ ይላል። ችግሩ ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው።

አሰልጣኙ በእርግጥ ምን ይሠራል?

የጨዋታ ቀን ላይ እንጀምር። አሰልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ከሜዳው ዳር ሳይሆን ከመቀመጫዎቹ በላይ ባለች መስታወት የተገጠመላት ክፍል ውስጥ ነው። ፊቱ ስክሪን፣ ጎኑ ረዳቶቹ፣ እጁ ስልክ። ረዳቶቹ ሥራ ተከፋፍለዋል፦ አንዱ የተከላካዩን፣ አንዱ የመሀሉን፣ አንዱ የአጥቂውን መሥመር ይይዛል። ስልኩ የሚደርሰው ተቀያሪዎቹ ዘንድ ነው። መልእክት ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጥ ሰውም አለ፣ «ራነር» ይሉታል፣ ሯጭ ማለት ነው። ከ2019 ወዲህ ይህ ሯጭ እንዳሻው መግባት ተከልክሏል፤ ጎል ሲቆጠር ብቻ ነው የሚገባው። የተቀያሪ ብዛትም ተገድቧል፣ ከ2021 ጀምሮ በአንድ ጨዋታ 75 ቅያሬ ብቻ።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? አሰልጣኙ በጨዋታ መሀል ብዙ ማዘዝ አይችልም። አራቱ ሩቦች የሚቆራረጡት በሦስት ዕረፍት ነው፣ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ደቂቃ አለው። ከነተቀያሪዎቹ 23 ሰው ላቡ እየተንጠባጠበ ከቦት ቆሟል፣ ግማሹ አይሰማም። እዚያ ላይ ሁለት ነገር መናገር ከቻለ ትልቅ ነገር ነው። ቀሪው ሁሉ ሳምንቱን በልምምድ የተሠራ ነው።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ማስተማር ነው። ቪዲዮ ቆራርጦ ማሳየት፣ የተቃራኒውን አሠራር መፍታት፣ የ19 ዓመት ልጅ ለምን ከቡድን እንደወጣ ሳይሰበር እንዲገባው ማድረግ። በዚህ ላይ ደግሞ ማንን እንሽጥ፣ ማንን እናምጣ የሚለው አለ። በዛሬው አሠራር ለዚህ ራሱን የቻለ ኃላፊ አለ፤ በ2009 ግን ቮስ ያልበሰለ እጁን በቀጥታ የከተተው እዚህ ውስጥ ነው።

የፌቮላ ነገር

አንደኛው ዓመት አማረ። ብሪዝበን በ2009 6ኛ ሆኖ ለጥሎ ማለፍ አለፈ፣ ጋባ በሚባለው የሜዳው ስታዲየም ካርልተንን በ7 ነጥብ አሸነፈ፣ በቀጣዩ ዙር ወደቀ። ቮስ ተሞገሰ። ማንም መማር አያስፈልግም የሚል ሰው ቢኖር ያኔ ደረቱን ነፍቶ ይናገር ነበር።

ከዚያ የዝውውር ወር መጣ። ቮስ ቡድኑ ለዋንጫ ጥቂት እንደቀረው አመነ። ብሬንደን ፌቮላ የዚያ ዓመት የሊጉ ከፍተኛ ጎል አግቢ ነው፤ ካርልተን ግን ከሜዳ ውጪ ባለው ጣጣው ሰልችቶታል። ብሪዝበን ወጣቱን ላቺ ሄንደርሰንን ከድራፍት ተራ ጋር ሰጥቶ ወሰደው። ጉዳቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። በድርድሩ መሀል የክለቡ የረጅም ዘመን አጥቂ ዳንኤል ብራድሾውም ለሽያጭ መቅረቡ ተሰማ። የሁለት ዋንጫ ባለቤት፣ የቮስ የራሱ ጓደኛ። ብራድሾው አኮረፈና ሲድኒ ሄደ።

ፌቮላ ለብሪዝበን 17 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። በ2011 መጀመሪያ ክለቡ አሰናበተው። ቡድኑ በ2010 የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች አሸንፎ ከቆየ በኋላ ተንኮታኮተ፣ 13ኛ ወጣ። በ2011 ያሸነፈው አራት ጨዋታ ነው። በኦገስት 2013፣ ውድድሩ ሊያልቅ ሦስት ጨዋታ ሲቀረው፣ ቮስ ተሰናበተ።

እዚህ ላይ ሁለት አመለካከት አለ። አንደኛው ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ ቮስ ላይ ይጥላል፦ ቸኮለ፣ የመልበሻ ክፍሉን እምነት ሸጠ። ሁለተኛው ቆይ እስቲ ይላል። በ2011 ጎልድ ኮስት፣ በ2012 ደግሞ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ የሚባሉ አዳዲስ ክለቦች ወደ ሊጉ ገቡ። ሊጉ እንዲቋቋሙ ብሎ የድራፍቱን ምርጥ ተራዎች ለእነሱ ሰጠ፣ ከነባር ክለቦችም ተጫዋች እንዲያስፈርሙ ፈቀደ። ጎልድ ኮስት የብሪዝበን ጎረቤት ነው፤ ሚካኤል ሪሺቴሊንና ጃሬድ ብሬናንን ወሰደበት። ብሪዝበን ከታች ሆኖ በድራፍት መነሳት በሚገባው ሰዓት በሩ ጠቦበት ነበር።

ሁለቱም ትክክል ነው። የፌቮላ ዝውውር የልምድ ማነስ ውጤት መሆኑን መካድ ከባድ ነው፤ ሠላሳ ጊዜ ያየ ሰው የአንድ ዓመት ስኬትን እንደ መሠረት አይቆጥርም። ቀጥሎ የመጣውን ውድቀት ግን አንድ ሰው ብቻውን አልሠራውም። ማስረጃው ከእሱ በኋላ የሆነው ነው። ቮስ በሄደበት ዓመት ማብቂያ አምስት ወጣቶች ክለቡን ጥለው ወደ ሌሎች ክለቦች ሄዱ። ቀጥሎ የተሾመው ጀስቲን ሌፒች፣ እሱም የሦስቱ ዋንጫ ተጫዋች፣ በሦስት ዓመት ከ66 ጨዋታ 14 አሸንፎ ተሰናበተ።

አንድ መልበሻ ክፍል፣ አራት ዕጣ

ነገሩ ይበልጥ የሚገባን ከዚያው ከብሪዝበን ቡድን የወጡትን ሌሎች አሰልጣኞች ስናይ ነው። ለተመራማሪ እንዲህ ያለ ዕድል አይገኝም። ሁሉም የሊ ማቲውስ ልጆች ናቸው፣ በአንድ መልበሻ ክፍል ለብሰዋል፣ ዋንጫ አንስተዋል።

ክሪስ ስኮት ፍሪማንትል ሄዶ ሦስት ዓመት በረዳትነት ሠራ። በ2011 ጂሎንግን ተረከበና በመጀመሪያው ዓመቱ ዋንጫ ወሰደ። በ2022 ደገመው። ግን ልብ በሉ፣ ጂሎንግ በ2007ና በ2009 ሻምፒዮን የነበረ፣ የተጫዋቾቹ ጉልበት ገና ያላለቀ ቡድን ነው። ስኮት የተረከበው የተዘራ ማሳ ነበር። ክሬግ ማክሬ የሄደበት መንገድ ከሁሉም ይረዝማል። ከአሥር ዓመት በላይ በልማትና በረዳት አሰልጣኝነት ክለብ ከክለብ ተዘዋወረ፣ በ2019 የሪችመንድን ሁለተኛ ቡድን ለዋንጫ አበቃ። በ2022 ኮሊንግዉድን ያዘ። በ2023 ሻምፒዮን ሆነ። በፍጻሜው በ4 ነጥብ ያሸነፈው ማንን መሰላችሁ? ብሪዝበንን። ሌፒች የት ነበር? የማክሬ ረዳት ሆኖ ኮሊንግዉድ። ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ያልሆነለት ሰው ሁለተኛ ወንበር ላይ ዋንጫ አገኘ።

ሊ ማቲውስ ራሱስ? የ20ኛው ክፍለ ዘመን ምርጥ ተጫዋች የተባለ ሰው ነው፣ በአሰልጣኝነት ደግሞ አራት ዋንጫ አለው። አንዱ የኮሊንግዉድ፣ በ1990። ታላቅ ተጫዋች አሰልጣኝ አይሆንም የሚለው አባባል ማቲውስ ፊት አፍ የለውም።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? አንደኛ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥህ በፊት ምን ያህል ተማርክ የሚለው ነው። ሁለተኛ፣ ስትረከብ ቡድኑ በየትኛው ዕድሜው ላይ ነው። ሦስተኛው ትዕግሥት ነው፣ የክለቡ። እኔ እንደሚመስለኝ ሦስተኛው ከሚወራለት በላይ ይመዝናል፣ ወደ ፌጋን ስንመለስ ታዩታላችሁ።

ፖርት አዴሌድ፦ ሁለተኛው ትምህርት ቤት

ቮስ በ2015 ወደ ፖርት አዴሌድ ሄደ። አዎ፣ አራተኛውን ዋንጫ የነጠቀው ክለብ። በዋና አሰልጣኙ ኬን ሂንክሊ ሥር ሰባት ዓመት ረዳት ሆነ። የመሀል ተጫዋቾችን ይዞ፣ ከጋዜጣ ርቆ። ለአንድ የብሪዝበን ሐውልት ያህል ለሚታይ ሰው ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። አንዴ ዋና የሆኑ ብዙዎች ወደ ቴሌቪዥን ይሄዳሉ፣ እዚያ ሰው አያባርርም።

ትምህርቱ ምን ነበር? ቢያንስ የሚታየው ይህ ነው። የሌላ ሰው ውሳኔ ከቅርብ ማየት፣ ሲሳሳት ዋጋውን ሳይከፍሉ መማር። ከራሱ የተለየ ተሰጥኦ ያለውን ተጫዋች ማስተማር። ድፍረት የማይማር ነገር ይመስላል፣ በተለይ ለደፋሩ። የመሀል ተጫዋች ኳስ ስትወጣ የት መቆም እንዳለበት ግን ይማራል፣ ይለማመዳል፣ ይለካል። ፖርት በ2020 ከሊጉ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፣ በ2020ም በ2021ም ለፍጻሜ አንድ ጨዋታ እስኪቀረው ደረሰ።

ካርልተን

ካርልተን 16 ዋንጫ ያለው ትልቅ ክለብ ነው። የመጨረሻው ግን የ1995 ነው። ከዚያ ወዲህ አሰልጣኝ ቀጥሮ ማባረር ልማዱ ሆኖ ነበር። ማልትሃውስ፣ ቦልተን፣ ቲግ፣ ሁሉም ተሰናበቱ። በሴፕቴምበር 2021 ቮስን ቀጠረ።

በመጀመሪያው ጨዋታ ሪችመንድን ረታ። በዚያች ምሽት ከካንሰር ሁለት ጊዜ የተረፈው ሳም ዶካርቲ ወደ ሜዳ ተመልሶ ጎል አገባ። ዶካርቲ ማን ነው? በ2013 ብሪዝበንን ጥለው ከሄዱት አምስት ወጣቶች አንዱ፣ በቮስ ዘመን የተመለመለ ልጅ።

2022 ጥሩ ጀምሮ በሐዘን አለቀ። 10 ጨዋታ ተጫውቶ ስምንት አሸነፈ። ከመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች አንዱን ቢያሸንፍ ለጥሎ ማለፍ ያልፍ ነበር፣ በ5 ነጥብና በ1 ነጥብ ተሸነፈ። የመጨረሻውን የማለፊያ ቦታ ከያዘው ከ8ኛው ዌስተርን ቡልዶግስ ጋር በድል እኩል ሆነው የለያቸው «ፐርሰንቴጅ» ነው፤ ያስቆጠርከው ለተቆጠረብህ ተካፍሎ በመቶ የሚባዛበት ስሌት። ልዩነቱ 0.6 ነበር።

2023 ደግሞ የባሰ ተጀመረ። ከ13 ጨዋታ አራት ድል፣ አንድ አቻ፣ ደረጃው 15ኛ። ሜልበርን ቮስ ይባረር በሚል ወሬ ተሞላች። እዚህ ጋ ነው የድሮው ካርልተን የድሮውን ያደርግ የነበረው። አላደረገም። ቡድኑ ቀጥሎ ዘጠኝ ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፣ 5ኛ ሆኖ ለጥሎ ማለፍ አለፈ። ሲድኒን በ6 ነጥብ፣ ሜልበርንን በ2 ነጥብ አሸነፈ። ለፍጻሜ አንድ ጨዋታ ሲቀረው የደረሰው ጋባ ስታዲየም ነው። ተጋጣሚው ብሪዝበን፣ አሰልጣኙ ፌጋን። ካርልተን የመጀመሪያዎቹን አምስት ጎሎች በተከታታይ አገባ። በ16 ነጥብ ተሸነፈ።

በ2024 እስከ 15ኛው ጨዋታ 11 አሸንፎ ሁለተኛ ነበር። ከቀሩት ስምንት ሁለት ብቻ አሸነፈ፣ በ8ኛነት አለፈና በመጀመሪያው ጥሎ ማለፍ እንደገና በብሪዝበን ተሸነፈ። ሲጀመር ብሪዝበን 60 ለ 0 ይመራ ነበር፤ ስድሳ ለዜሮ። 2025ን ሲከፍት ሪችመንድን በ41 ነጥብ እየመራ ተሸነፈ። ዓመቱ ዘጠኝ ድል፣ 14 ሽንፈት ሆኖ አለቀ። ከዚያም ዋናው አጥቂ ቻርሊ ከርኖው ወደ ሲድኒ፣ ቶም ደ ኮኒንግና ጃክ ሲልቫኒ ወደ ሴንት ኪልዳ ሄዱ።

ስለዚህ መማሩ ጠቀመው ወይስ አልጠቀመውም? የቮስ ደጋፊዎች 2023ን ያነሳሉ። ብዙ ቡድን በዚያ ሁኔታ ይበተናል፣ የሱ ግን ተሰብስቦ ተነሳ፤ የ2010ሩ ቮስ ያንን ባልቻለ ነበር። ተቺዎቹ ደግሞ ቡድኑ ኳስ ለመንጠቅ የሚታገል፣ ነጥቆ ግን ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ነው ይላሉ። ማለትም አሰልጣኙ የራሱን መልክ ሰጠው። ይህ ትችት ክብደት አለው። የካርልተን ጥንካሬ ለዓመታት ሰው ተሰባስቦ በሚተሻሽበት የኳስ ፍልሚያ ላይ ነበር፣ ድክመቱ ደግሞ ኳሷ ከወጣች በኋላ ፈጥኖ ማሻገር ላይ። ተጫዋቹ ቮስ በምን እንደሚታወቅ ካስታወሳችሁ ነገሩ በአጋጣሚ አይመስልም።

ፌጋን ምን የተለየ ነገር አገኘ?

ፌጋን ታዝማኒያ ውስጥ ኩዊንስታውን የምትባል የማዕድን ከተማ ልጅ ነው። የከተማዋ ሜዳ ሣር የለውም፣ ጠጠር ነው። በእውነት ጠጠር፣ እዚያ ላይ ይወድቃሉ። ፌጋን በታዝማኒያ ሊግ ተጫወተ፣ አስተማሪ ሆነ፣ ከዚያ ሜልበርንና ሀውቶርን ክለቦች ውስጥ 20 ዓመት ያህል ከጀርባ ሠራ። ብሪዝበን ሲቀጥረው 55 ዓመቱ ነበር። በ2024 በ63 ዓመቱ ዋንጫ ሲያነሳ በሊጉ ታሪክ በዕድሜ ትልቁ ሻምፒዮን አሰልጣኝ ሆነ።

ይህን ይዞ «አስተማሪ ቅጠሩ» ማለት ቀላል ነው። ግን የመጀመሪያ ሁለት ዓመቱን ተመልከቱ። በ2017 አምስት ድል፣ የሊጉ መጨረሻ። በ2018 አምስት ድል፤ ያውም የመጀመሪያዎቹን ስምንት በሙሉ ተሸንፎ። ከ44 ጨዋታ አሥር። ሌፒች በተባረረበት ሚዛን ቢመዘን ፌጋን 2019ን አያይም ነበር። ክለቡ ጠበቀ። በ2019 ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ሌላም አለ። በሊጉ ደንብ ለአንድ ክለብ በቂ ጨዋታ ያደረገ ተጫዋች ልጁ ለድራፍት ሲደርስ የአባቱ ክለብ ቅድሚያ አለው። «የአባትና ልጅ ደንብ» ይባላል። ዊል አሽክሮፍት በ2024ም በ2025ም የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ ተሸልሟል። አባቱ ማርከስ አሽክሮፍት ነው፣ ከቮስ ጋር ሦስቱን ዋንጫ ያነሳ። የቮስ ጓደኛ ልጅ ለፌጋን ዋንጫ አመጣለት። ይህን ምን ዓይነት አሰልጣኝነት ይተነትነዋል?

ከዚህ በኋላ

ክለቦች ከዚያ ዘመን አንድ ነገር ተምረዋል። ምንም ረዳትነት ሳይሠራ በቀጥታ የሚሾም አምበል ዛሬ ብርቅ ነው። ኤሰንደን በ2022 አሰልጣኝ ሲፈልግ ሄርድ ተወዳድሮ ነበር፣ ሥራው ግን ለብራድ ስኮት ተሰጠ። ብራድ የክሪስ መንታ ወንድም ነው፤ እሱም የብሪዝበን ሻምፒዮን፣ እሱም ከዚያ በፊት ሰሜን ሜልበርንን ለዓመታት ያሰለጠነ።

ግን አዲስ ችግር አለ። ሊጉ ክለቦች ለአሰልጣኞችና ለሌላው የፉትቦል ክፍል የሚያወጡትን ወጪ ይገድባል። በኮቪድ ጊዜ ይህ ጣሪያ ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከነበረው ወደ 6 ሚሊዮን ግድም ወረደ። የመጀመሪያው ተጎጂ ረዳት አሰልጣኝ ነው፦ ሰው ተቀነሰ፣ ደመወዝ ተቀነሰ፣ ሥራው ግን አልተቀነሰም። ጫማውን የሰቀለ ኮከብ ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ምሽት ተቀምጦ የተሻለ ካገኘ፣ ሰባት ዓመት ቪዲዮ እየቆረጠ የሚማርበት ምክንያት ምንድን ነው? መማሪያው ወንበር ሲጠብ ያልተማረ አሰልጣኝ የመሾም ፈተና ተመልሶ ይመጣል። በ2028 ደግሞ ታዝማኒያ 19ኛ ክለብ ሆና ትገባለች፣ እንደ 2011ዱ ሁሉ የድራፍቱን ጥሩ ጥሩ ተራ ይዛ። በዚያ ሰዓት ከታች ሆኖ ቡድን መገንባት የሚጀምር አሰልጣኝ የ2011ዱን የቮስን ጥበት ያገኘዋል።

ቮስ ከካርልተን ጋር የነበረው ኮንትራት እስከ 2026 መጨረሻ የተፈረመ ነው። ያንን ዓመት የተቀበለው ከርኖው፣ ደ ኮኒንግና ሲልቫኒ ከሄዱ በኋላ ነው።